የቆመ ኤንትሬ ለማስነሣት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኤንትሬ የምንለው የድሮውን ፊያት 682 የጭነት መኪና ነው። በዚህ ዙር የደረሱን ደብዳቤዎች ከድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከመጋላና ከከዚራ፣ እንዲሁም ከሐረር የተላኩ ናቸው። ብዙዎቹ ስለ ቀለም ይጠይቃሉ። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ስለሆነ መልሱን ወደ መጨረሻ አድርጌዋለሁ። በድሬ ልማድ ሁሉንም «አንተ» እያልኩ እመልሳለሁ፤ የሐረሩ አዛውንት ብቻ በአንቱታ ይስተናገዳሉ።

ጥያቄ፦ ከሳቢያን የጻፈው ወጣት አባቱ የተዉለት ፊያት 682 ኤንትሬ ግቢ ውስጥ ከቆመ 14 ዓመት ሆኖታል። ሁለት አዲስ ባትሪ ገዝቷል፤ ቅዳሜ ጓደኞቹ ይመጣሉ። በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) ላስነሣው ወይስ በሌላ መኪና ላስጎትተው ይላል።

መልስ፦ ሁለቱንም ተው። ቅዳሜን ለምሳ አድርጉት።

ይህን ያህል የቆመ የናፍታ ሞተር ውስጥ ሦስት ነገር ሆኗል ብለህ ጀምር። ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተጣብቀዋል። ክፍት እንደሆነ የደረቀ ቫልቮላ (የአየርና የጭስ በር) አለ። ፓምፑ ውስጥ የቀረው ናፍታ ደግሞ ሙጫ ሆኗል። በሞተሪኖ ወይም በጉተታ ስታስገድደው ፋሻው ይሰበራል፣ የደረቀው ቫልቮላ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል፣ የቫልቮላው መግፊያ ዘንግ ይጎብጣል። የፓምፑ ነገር ከሁሉ ይከፋል። የናፍታውን መጠን የሚቆጣጠረው ዘንግ ሙሉ ነዳጅ በሚሰጥበት ቦታ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ሞተሩ እንደተነሣ ራሱን እያፋጠነ ይሄዳል፤ ቁልፍ ብታጠፋም አይቆምም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሞተር ዘይቱን አውርድ። ከዘይቱ ቀድሞ ውሃ ከወጣ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም የሲሊንደሩ ካሚቻ (የውስጥ ቱቦ) ውሃ ያስገባል ማለት ነው፤ እዚያው ቁምና መካኒክ ጥራ። ውሃ ከሌለ ስድስቱንም ኖዝል (ናፍታ የሚረጨውን አፍ) ፍታ፤ የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ቁጥር ጻፍበት። በየቀዳዳው ግማሽ የሞተር ዘይት ግማሽ ናፍታ የሆነ ድብልቅ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምር። ሁለት ቀን አስቀምጠውና እንደገና ጨምር። ከዚያ ማርሹን ሞርቶ (ባዶ ማርሽ) ላይ አድርገህ የፊተኛውን ፑሊ ዳዶ በረጅም ክያቤ (መፍቻ) ያዝና በአንድ ሰው ጉልበት ብቻ ወዲህና ወዲያ አወዛውዘው። የጣት ስፋት ያህል ከተንቀሳቀሰ ተስፋ አለው፤ ነገ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። በሳምንት ውስጥ ጨርሶ እምቢ ካለ ቱቦ ቀጥለህ ጉልበት አትጨምር፤ ቴስታታው መውረድ አለበት።

እሺ ካለህ ኖዝሎቹን ሳትመልስ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍነህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው፤ የጨመርከው ድብልቅ ተተፍቶ ይውጣ። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ውስጥ እንደቀረ ሞተሪኖ ከመታኸው ቢዬላ (የፒስተኑን ክንድ) ያጎብጣል። በዚያው የቴስታታውን ክዳን ከፍተህ 12ቱም ቫልቮላዎች ተራ በተራ ሲከፈቱና ሲዘጉ በዓይንህ እይ። ተከፍቶ የቀረ ካለ ግንዱ ላይ ዘይት አንጠባጥብና በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልክ መታ መታ አድርገው።

የናፍታ ሰርባታዮውን (ታንከሩን) አውርደህ እጠበው። የላስቲክ ቱቦዎችንና ፊልትሮዎቹን ያለ ክርክር ቀይር። ፓምፑንና ኖዝሎቹን ግን ራስህ አትፍታ። በዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምናገረው። የፓምፑ ዘንጎች ከቤታቸው ጋር ያላቸው ክፍተት ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው፤ ግቢ ውስጥ የነፈሰ አቧራ ያበላሻቸዋል። መለኪያ ማሽን ወዳለው የፓምፕ ባለሙያ ይሂዱ።

አዲስ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ከገባ በኋላ የማጥፊያውን ዘንግ ጎትተህ፣ ማለትም ናፍታ ዘግተህ፣ ሞተሪኖውን ለ10 ሰከንድ አዙር፤ አንድ ደቂቃ አሳርፈውና ድገም። የዘይት ጌጁ ሲንቀሳቀስ ብቻ ናፍታ ልቀቅ። ከዚያ በፊት በመመገቢያው ፓምፕ የእጅ ማንሻ እየገፋህ በመተንፈሻው ብሎን በኩል አረፋ የሌለበት ናፍታ እስኪወርድ ድረስ አየሩን አስወጣ። በመጀመሪያው ማስነሻ ላይ አንድ ሰው ጎማ የተለጠፈበት ጣውላ ይዞ አየር ማስገቢያው አጠገብ ይቁም። ሞተሩ ራሱን ማፋጠን ከጀመረ አፉን በጣውላው ይድፈን። በእጅ አይሞከርም፤ በጨርቅም እንዲሁ፤ ጨርቁን ይውጠዋል። በ10 ሰከንድ ውስጥ የዘይት ግፊት ካልታየ ወዲያው አጥፋ።

ጥያቄ፦ ሐረር የሚኖሩ ጡረተኛ ሹፌር ከጎረቤታቸው ጋር ተከራክረዋል። ጎረቤትየው ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬ አንድ መኪና ነው ይላሉ፤ እሳቸው ሁለቱንም ነድቻለሁ፣ አንድ አይደሉም ይላሉ።

መልስ፦ አባባ፣ ትክክሉ እርስዎ ነዎት። ትሬንታ ኳትሮ ጣልያንኛ ነው፤ 34 ማለት ነው፤ ፊያት 634 ከሚለው የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ወስዶ የወጣ ስም ነው። 634 እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣ፣ አፍንጫው ወደፊት የረዘመ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን መንገዳችንን የሞላ የናፍታ መኪና ነበር። 682 ግን እ.ኤ.አ. በ1952 የመጣ፣ ካቢናው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ መኪና ነው። ኤንትሬ ደግሞ የዚሁ የ682 ሦስተኛ ዓይነት ነው። «ኤን» ናፍታ የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ «ትሬ» ሦስት። ጎረቤትዎ በሩቁ በአፍንጫው ይለዩት። 634 ሞተሩን ለማየት ኮፈን የሚከፈትበት ነው፤ በ682 ሞተሩ ሹፌሩና ረዳቱ መካከል ስለተቀመጠ ወደ ድሬ ሲወረድ እግር የሚያቃጥለው ሙቀት ከዚያ የሚመጣ ነው። እርስዎ እንደጻፉት ረዳቱ ጀበናውን ክዳኑ ላይ ማሞቁ ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ባትሪ አይበቃም ወይ? (ከከዚራ)

መልስ፦ አይበቃም። መኪናው 24 ቮልት ነው፤ ዕድሜያቸውና አቅማቸው እኩል የሆነ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ይታሰራል።

ጥያቄ፦ የገንደ ቆሬው ጠያቂ ኤንትሬውን ቀለም ቀብቶ፣ ወንበሩን አልብሶ ጨርሷል። ለታኅሣሥ 19 ቤተሰቡን በስፖንዳው (በጭነት ሣጥኑ) ጭኖ ቁልቢ ገብርኤል ሊወጣ አስቧል። ፍሬኑ «ወደ ግራ ትንሽ ይስባል እንጂ ይይዛል»። አጎቱ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» እያሉ ይጨቀጭቁታል፤ አዲስ የፍሬን ሸራ ከገባ ይህ የድሮ ሰው ምክር ለምን ያስፈልጋል ሲል ይጠይቃል።

መልስ፦ አጎትህ የሚነግሩህ ከሸራው የሚበልጠውን ነገር ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በቁልቢ መንገድ ካለው ከደንገጎ ዳገት አናት ወደ ከተማዋ ስትመለስ ቢያንስ 600 ሜትር ወደ ታች ትወርዳለህ። 14 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት፤ መጠኑ 240 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ከአንድ በርሜል በላይ ውሃ ማለት ነው። በፍሬን ብቻ ከወረድክ ያንን ሁሉ የሚቀበሉት አራት ታምቡሮች (ሸራው የሚጫናቸው የጎማ ከበሮዎች) ናቸው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። ሸራው ሲግል ደግሞ ማጣበቂያው ይቃጠላል፣ ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ወርዶ መኪናው አይዝም። ሹፌሮች «ፍሬን እምቢ አለ» የሚሉት ይህን ነው፤ አዲስ ሸራም ከዚህ አያድንህም።

በከባድ ማርሽ ስትወርድ ግን መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው። ሙቀቱ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ በኩል ይወጣል፤ ፍሬኑ ቀዝቅዞ ለክፉ ጊዜ ይቀመጣል። ማርሹ የሚመረጠው ከአናቱ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። በእነዚህ ካምቢዮዎች (የማርሽ ሳጥኖች) መሐል ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተህ የሚቀጥለውን ማስገባት ካቃተህ ሞርቶ ላይ ቀረህ ማለት ነው፤ ጭነት ያለው መኪና ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ከእጅህ ይወጣል። ማርሽ ስትቀንስ ፍሪሲዮን ረግጠህ ወደ ሞርቶ አውጣ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፣ ነዳጅ ስጥ፣ እንደገና ረግጠህ አስገባ። ይህን ሜዳ ላይ ያለ ጭነት፣ እጅህ እስኪለምደው ተለማመድ። ፍሬኑን እየጎተትክ አትውረድ። ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ በ10 ኪሎ ሜትር ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። እየደጋገምክ ብትረግጥ ደግሞ ፍሬኑን የሚያሠራውን ንፋስ ትጨርሰዋለህ።

አሁን ወደ «ትንሽ ይስባል» እንመለስ። ወደ ግራ ይስባል ማለት ብዙውን ጊዜ የቀኙ አይዝም ማለት ነው። የቀኙን ታምቡር አውርድ። ሸራው ረጥቦ ካገኘኸው የቋቱ ጎሚኒ (ማሸጊያ ቀለበት) ግራሶ እያስወጣ ነው፤ ጎሚኒው ይቀየር። የረጠበ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም፤ ሲግል ዘይቱን መልሶ ይተፋል። ሸራ ሲቀየር በአንድ አክስል ግራና ቀኝ አብሮ ይቀየራል፤ ታምቡሩ ቶርኖ (መላጊያ ማሽን) ከገባም ሁለቱ ወደ እኩል ስፋት ይታረዳሉ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ስላለበት አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፋ፤ በውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረግ፣ ጨርቁን በፕላስቲክ ቋጥረህ ጣል።

የንፋሱን መስመር ደግሞ እንዲህ ፈትን። እስከ 7 ባር ሙላና ሞተሩን አጥፋ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ ባር በላይ ከወረደ ያፈሳል። አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፤ አንተ በሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹን ተከታተል። የላስቲክ ቱቦዎችና በየፍሬኑ ቤት ያሉት የጎማ ዲያፍራሞች ደህና ቢመስሉም ይቀየሩ፤ ጎማ ቆሞም ያረጃል። የንፋስ ጋኖቹን ከሥር ክፈትና ውሃውን አውርድ። ዝገት ከወረደ ጋኑ በውሃ ግፊት ይፈተሽ። የእያንዳንዱን ጎማ የፍሬን መግፊያ ዘንግ በጠመኔ ምልክት አድርግና ፔዳል ሲረገጥ ስንት እንደሚወጣ ለካ። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ካልተስተካከሉ የአስተካካዩ ብሎን ይጠብቃል ወይም ይላላል።

ከሁሉ በላይ ይህን እወቅ፦ የዛሬ ከባድ መኪና ንፋስ ሲያልቅበት በስፕሪንግ ራሱን ይይዛል፤ የድሮው ንፋስ ሲያልቅበት ይለቃል። በብዙዎቹ መስመሩ አንድ ብቻ ስለሆነ አንድ ቱቦ ሲፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ቤተሰብህን በስፖንዳ አትጭን፤ ለዓመቱ በዓል በአውቶቡስ ይውጡ። መኪናውን የከባድ መኪና ፍሬን የሚያውቅ ባለሙያ አውርዶ ካየው፣ የዓመት ምርመራ አልፎ ቦሎ ከተለጠፈበት በኋላ፣ ባዶውን፣ ረዳትና ሁለት ታኮ (የጎማ ማገጃ) ይዘህ ውጣ። ባለሙያው «ገና ነው» ካለህ ታኅሣሥን እለፈውና ለሐምሌ 19 አድርገው። ቁልቢ ሁለት ጊዜ ነው የሚከበረው።

ጥያቄ፦ ከመጋላ የጻፈው አንባቢ ተቆጥቷል። ጎሚስታው የኤንትሬውን ጎማ «መንፊያ ቀፎ (ጎማ ሲነፋ የሚከልል የብረት አጥር) የለኝም» ብሎ መልሶበታል። በጎረቤት ኮምፕሬሰር ራሴ ልንፋው ወይ ይላል።

መልስ፦ አትንፋው። ያ ጎሚስታ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ቀፎ ያለው ሌላ ጎሚስታ እንዲጠቁምህ ራሱን ጠይቀው።

ይህ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) አንድ ወጥ አይደለም። ጎማውን በቦታው የሚይዘው በጎድጓዳው ውስጥ የተቀመጠ የብረት ቀለበት ነው። ጎማው በ7 ባር ሲነፋ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር 7 ኪሎ ይገፋል፤ የአንድ ጎን ስፋቱ ከ5,000 ካሬ ሳንቲሜትር ስለሚበልጥ ጎኑን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከ35 ቶን በላይ ነው። ቀለበቱ በዝገት ምክንያት በትክክል ካልተቀመጠ በዚያ ኃይል ተወርውሮ ይወጣል። ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው አይተርፍም።

ጎማውን ከመኪናው ከማውረድህ በፊት፣ አንድም ዳዶ ሳታላላ፣ የቫልቭ መርፌውን አውጥተህ ንፋሱን ጨርስ። ከኋላ ጥንድ ከሆነ የሁለቱንም ጨርስ፤ የውስጡ ቸርኬ ከተሰነጠቀ ዳዶው ሲላላ ይፈነዳል። ጎሚስታው ቀለበቱንና ጎድጓዳውን በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሕ ብረት ያጽዳ። የተሰነጠቀ፣ የጎበጠ ወይም ዝገት የበላው ቀለበት ይጣላል። አይበየድም፣ በእሳት አይቃናም፤ ከሌላ ቸርኬ የመጣም ቢገጥም እንኳ አይገባም። ካላማዳሪው (የውስጡ ላስቲክ) ከቸርኬው ጋር እንዳይፋተግ በመሐላቸው የሚገባው የጎማ ቀበቶ መኖሩን እይ። ከዚያ ቀፎ ውስጥ፣ ረጅም ቱቦና ራሱን የሚይዝ አፍ ባለው መንፊያ፣ ሰው ከጎን ርቆ ቆሞ ይነፋል። ንፋስ እየገባ ቀለበቱን በመዶሻ መምታት ክልክል ነው። ንፋሱ በጣም ቀንሶ የተነዳ ጎማም ሳይፈታ ተሞልቶ አይሄድም።

«ሃያ ዓመት እንዲሁ ስንነፋ ኖረናል» ብለሃል። ቸርኬው ያኔ አዲስ ነበር፤ አሁን ሃያ ዓመት ዝገት ተጨምሮበታል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ግን ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ይፈላል። መካኒኩ ተርሞስታቱን ልጣልልህ ብሎኛል። (ከሳቢያን፣ ሌላ ጠያቂ)

መልስ፦ ተርሞስታቱን አትጣል። ብዙዎቹ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን አጭር መንገድ የሚዘጉት ራሳቸው ናቸው። ሲወጡ ውሃው አጭሩን መንገድ ይመርጣል፤ ሙቀቱ ይብሳል። ከፈለግህ ውሃ ውስጥ አንጠልጥለህ አፍላውና መከፈቱን አይተህ ፍረድ።

ጥፋቱን በማንቆርቆሪያህ ሥር ፈልገው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው የድሬ ውሃ ራዲያተርህ ውስጥም ያንኑ ሠርቷል፤ ውሃችን ኖራ ያለበት ጠንካራ ውሃ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ውሃውን አውርድና በንጹሕ ውሃ አጥበህ አስወጣ። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ 40 ግራም ሲትሪክ አሲድ በርዘህ ሙላ፤ አንድ ሰዓት ሞቅ አድርገህ አሠራውና ሳይደርቅ አውርደው። አንድ ጊዜ በጥቂት ሶዳ፣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አጥበው። የሚገባው ውሃ የቧንቧ አይሁን፤ የባትሪ ውሃ ወይም ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከዝገት መከላከያ ፈሳሽ ጋር እኩል ተቀላቅሎ ይግባ። ቀዳዳ ለመድፈን ተብሎ የሚጨመረው በርበሬና እንቁላል የራዲያተሩንም ቀጭን ቱቦዎች አብሮ ይደፍናል። የማራገቢያው ቺንጋ (ቀበቶ) በአውራ ጣት ሲጫኑት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲሜትር መርገብ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይንሸራተታል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከፈላ መካኒኩን ስለ ጓርኒሲዮኑ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ መሪው በቀኝ ነው። ወደ ግራ ላዛውረው? ሰው ሁሉ ይሥቅብኛል።

መልስ፦ አታዛውረው። የጣልያን ከባድ መኪኖች አገራቸው በቀኝ እየተነዳም መሪያቸውን በቀኝ ያደርጉ ነበር፤ ተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ የገደሉን ጫፍ ራሱ እንዲያየው ነው። እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ስንነዳ ኖረናል። ለማዛወር የመሪ ሳጥኑ፣ ዘንጎቹ፣ ፔዳሎቹ፣ የሻንሲው ቀዳዳዎች ሁሉ ይቀየራሉ፤ አንድ መጥፎ ብየዳ ደግሞ መሪ ያስጥልሃል። ስትቀድም በግራ ያለው ረዳት አይቶ ይንገርህ፤ ድሮም ይህ የረዳት ሥራ ነበር። የሕጉን ነገር ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የኤንትሬ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) የትም አጣሁ።

መልስ፦ «የኤንትሬ» እያልክ አትጠይቅ። ኩሽኔታው ጠርዝ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብብና በቁጥሩ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ ለሌላ መኪናም የሚያገለግሉ መደበኛ ልኮች ናቸው። ቁጥሩ ከጠፋ የውስጥ ቀዳዳውን፣ የውጭ ስፋቱንና ውፍረቱን በካሊፐር ለካ። ጎሚኒም በእነዚሁ ሦስት ልኮች ይገዛል።

ጥያቄ፦ ቀለም መቼ ይቀባ? (ብዙ ሰው)

መልስ፦ ፍሬኑ፣ ቸርኬውና ሞተሩ ካለቁ በኋላ፣ በማለዳ። በድሬ ቀትር ላሜራው እጅ ያቃጥላል፤ ቲነሩ ቀለሙ ሳይተኛ ስለሚተን ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ያመጣል። ዝገቱ ሳይወጣ ስቱኮ ከተደረገበት ክረምቱ ሳይወጣ ያብጣል። ክፍት ቦታ ላይ፣ በመከላከያ ጭንብል ይሠራ።

ጥያቄ፦ የንፋስ ክላክሱ ድምፁ ደክሟል፤ ፈትቼ ላጽዳው ወይስ አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ከመፍታትህ በፊት ጌጁን እይ። ክላክሱ የሚወስደው ንፋስ ፍሬኑ የሚሠራበትን ንፋስ ነው። ከ5 ባር በላይ ካለ የክላክሱ ስስ ብረት ቆሽሿል፤ በናፍታ አጥበህ ግጠመው። ከ5 በታች ከሆነ ክላክሱ ደህና ነው። መኪናውን አቁም፣ ታኮ አድርግና ለገንደ ቆሬው ወጣት የሰጠሁትን መልስ ከሳሙናው አረፋ ጀምረህ አንብብ።